በአበባ የገላገልኳቸው ሽማግሌ

ሰው በዕድሜው ስንት ጊዜ መድረክ ላይ እንደሚወጣ አላውቅም። አንዱ ሲዳር ይወጣል፣ አንዱ ሲሸለም፣ አንዱ ንግግር አድርግ ተብሎ። እኔ የወጣሁት ማንም ሳይጠራኝ ነው። ያውም በሰው አገር፣ ያውም የማላውቃትን ሴት አበባ ቀምቼ። ሮቤ ላይ ይህን ታሪክ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። የተሰማው ግን አባቴ ያወሩት ነው፤ አባቴ ደግሞ ሲያወሩ አንዲት ነገር ይዘሉ ነበር። ዛሬ እሷን የተዘለለችውን ጨምሬ ልንገራችሁና ይውጣልኝ።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከሱፍ ነው። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ስለ ስንዴ ተማር ተብዬ ወደ ሶቪየት ኅብረት ልላክ ነበር። ስንዴ መሃል ተወልዶ፣ ስንዴ መሃል አድጎ፣ ስንዴ ለመማር በረዶ አገር የሚሄድ ሰው አያስቅም? እኔን አላሳቀኝም። እንዲያውም ጎባ ሄጄ ሱፍ አሰፋሁ። አመድማ ሱፍ ነው፣ ገበሩ የሚያብለጨልጭ። ለልኬት ብቻ ሦስት ቀን ከሮቤ ጎባ ተመላልሻለሁ። ልብስ ሰፊው በሦስተኛው ቀን መርፌውን ከአፉ አውጥቶ ልብስ ነው ወይስ ሚስት የምትመርጠው ብሎኛል።

ሱፉ አልቆ እጄ ከገባ በኋላ ሰው ሳያየው ይዤው አገር ጥዬ መሄድ አልሆነልኝም። በገበያ ቀን ለብሼው ወጣሁ። ወሩ ሐምሌ ነው። የሮቤን የክረምት ጭቃ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጫማ ይዞ የሚያስቀር ጥቁር ጭቃ ነው። ሱሪዬን በሁለት እጄ ሰብስቤ፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለልኩ፣ አማረብህ የሚለኝን ሁሉ በአንገቴ እያመሰገንኩ በግ ተራ ደረስኩ። እዚያ ሐጂ ኡመር ከአንድ ጎረምሳ የበግ ነጋዴ ጋር ይከራከራሉ። ሐጂ የአባቴ የልብ ወዳጅ ናቸው። አባቴ ጋሪ ነጂ ስለሆኑ የሐጂን ሸቀጥ የሚያመላልሱት እሳቸው ነበሩ፤ እኔንም ሐጂ በልጅነቴ በጀርባቸው አዝለውኛል። በምን እንደተጣሉ እስከ ዛሬ አላውቅም። ብቻ ጎረምሳው በያዘው ዱላ ትከሻቸውን ሁለት ጊዜ ሲላቸው አየሁ።

እንግዲህ በእኛ አገር ሰው ሲጣላ ቆሞ ማየት የሚባል ነገር የለም። እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ኦሮሞውም አማራውም እኩል የሚያውቃት ደንብ አለች። ከመሬት እርጥብ ሣር ትነጫለህ፣ ከፍ አድርገህ ትይዛለህ፣ መሃል ትገባለህ። እርጥብ ሣር የያዘ ሰው መሃል ከገባ የተነሳ ዱላ ይወርዳል። ሳያወርድ የቀረ ሰው በአካባቢው ውሃ የሚያቀብለው የለም።

ሣሩ እግሬ ሥር ነበር። በእኔና በሣሩ መሃል ግን ጭቃ ነበር። ጎንበስ ልል አልኩና ሱሪዬን አየሁ፤ ሱሪዬን አየሁና ቆምኩ። የውጭ አገር ፋይሌ በጠብ ምክንያት እንዳይበላሽ ብዬ ነው እያልኩ ለሰው አውርቻለሁ። ውሸት ነው፤ ለሱፌ ሳስቼ ነው። አንዲት ጎመን ሻጭ ጎመኗን እንደያዘች ዘላ ገብታ ገላገለቻቸው። ጎመንም እርጥብ ነው፣ ማን ይከለክላታል።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ገባ። ማታ አባባ ፈረሱን ፈትተው እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡና የት ነበርክ አሉኝ። እዚያው ነበርኩ አልኩ። ምን አደረግህ አሉ። ዓይኔን ሱሪዬ ላይ ጣልኩ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና "ሱፍህ እንዴት ነው? አልቆሸሸም አይደል?" አሉ። ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ አላናገሩኝም።

አባባ ደግሞ ምርቃት የሚያውቁ ሰው ናቸው። ሠርግ ላይ፣ ዕርቅ ላይ፣ አዲስ ቤት ሲገባ ይጠራሉ። ምርቃታቸው ከመርዘሙ የተነሳ አሜን ሲል ጉሮሮው የሚደርቅ ሰው አለ። ቡላን እንኳ፣ ጋሪ የሚጎትተውን ፈረሳችንን፣ ጠዋት ሲጠምዱት "ጉልበትህን ያጽናው፣ ከጉድጓድ ይሰውርህ፣ በደህና ወጥተህ በደህና ግባ" ይሉታል። እኔ የምሄድ ዕለትም ብለውታል። አውቶቡስ ተራ ድረስ በጋሪው ወሰዱኝ፤ ፈረሱ ተመርቆ ወጣ፣ እኔ ሳልመረቅ ወጣሁ።

እናቴ ጨነቃት። ከአጥሩ ሥር ሣር ነጭታ በእጄ ከተተችና "ያዝና እግራቸው ላይ ውደቅ፤ አባት በሣር ሲለመን እንቢ አይልም" አለችኝ። ሰዉ ሁሉ ያያል። አብረውኝ የተማሩት ልጆች ሊሸኙኝ መጥተዋል። ጭቃውም አለ፣ ሱፉንም ለብሻለሁ። ሣሩን ከጀርባዬ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። አባባ የቡላን ልጓም ይዘው፣ ሌላ ሌላውን እያዩ፣ በሰላም ግባ አሉኝ። በሰላም ግባን ማንም ለማንም ይላል፤ ለመንገደኛም ለዕቃ ጫኚም ይባላል። ሣሩን ኪሴ ከትቼ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ።

የተላክሁባት ከተማ ከሞስኮ በባቡር አንድ ቀን ተኩል ትርቃለች። መጀመሪያ ላይ ጉራዬ ሌላ ነበር። የድሬዳዋና የአሰብ ልጆች በመስከረም ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ፣ እኔ ይሄ ምኑ ብርድ ነው፣ እኛ ከሳነቴ ተራራ ሥር ያደግን ልጆች ነን እያልኩ በሸሚዝ ወጣሁ ገባሁ። በኅዳር የድሬዳዋውን ልጅ ብርድ ልብስ ለምኜ ተኛሁ።

ብርዱስ ይለመዳል። ያልለመድኩት ጠዋቱን ነው። ሮቤ የምነቃው በአባባ ድምፅ ነበር፤ በመስኮቴ ሥር ቡላን እየጠመዱ ሲመርቁት። እዚያ የምነቃው በትራም ደወል ነው። ዓይኔን ሳልገልጥ ትንሽ እጠብቃለሁ፣ ምናልባት ዛሬ ኮቴ ይሰማኝ ይሆናል እያልኩ። ሃያ አራት ዓመት የሞላው ሰው ለፈረስ የሚደረግ ምርቃት ናፍቆት ትራሱ ውስጥ ተቀብሮ ሲያለቅስ አስቡት። ሰው በፈረስ ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

እናቴ በጎረቤት ልጅ እያስጻፈች ደብዳቤ ትልክልኛለች። ላሚቱ ወለደች፣ ገብሱ ዘንድሮ ጥሩ ነው፣ ቡላ እግሩን ታሞ ድኗል። መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ አባትህ ደህና ናቸው ይላል። እኔ ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን አያለሁ፤ ምናልባት እዚያ ማዶ ይመርቁሃል የሚል ቃል ቢኖር ብዬ። ሁለት ዓመት ጀርባው ባዶ ነበር።

በዚህ መሃል አንድ ሐሳብ መጣልኝ። በሮቤ ያጎደልኩትን እዚሁ ብሞላስ? አንድ ሽማግሌ ሲደበደብ ብደርስና ብገላግል፣ ይህንኑ ለአባባ ብጽፍላቸው? እግዜር ይቅር ይበለኝና ችግሩ የሚደበደብ ሽማግሌ መጥፋቱ ነበር። መናፈሻ ሄድኩ፣ ሽማግሌዎቹ ቼዝ ይጫወታሉ። የመጠጥ ቤት በር ላይ ቆምኩ፣ ሰካራሞቹ ይሳሳማሉ። አንድ ቀን ቋሊማ ለመግዛት በተሰለፈ ሕዝብ መሃል አንድ አዛውንትና አንድ ጎልማሳ ሲጯጯሁ አየሁ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ከመንገዱ ዳር የጥድ ቅርንጫፍ ሰብሬ መሃላቸው ገባሁ። ሁለቱም ባንዴ ጠባቸውን ረሱና ተራ ልሰርቅ የመጣሁ ነው ብለው ተጋግዘው የሰልፉ መጨረሻ አደረሱኝ። ወደ ቦታቸው ሲመለሱ እየተሳሳቁ ነበር። ማስታረቅ ብላችሁ ከቆጠራችሁልኝ አስታርቄያለሁ።

ለዚህ ሁሉ ምስክሬ ዘይነባ ናት። ዘይነባ የገሰራ ልጅ ነች፣ ሕክምና ትማራለች፤ በዚያች ከተማ ከባሌ የመጣን እሷና እኔ ብቻ ነን። በዕድሜ አትበልጠኝም፤ ግን እንደ ታላቅ እህት ትቆጣኛለች። የጥዱን ነገር ስነግራት ሳቋን ጨርሳ ዓይኗን ጠራረገችና በሽታህን አውቄዋለሁ፣ መድኃኒቱ ግን በእኛ ትምህርት ቤት የለም አለችኝ።

በሦስተኛው ዓመት መጋቢት ላይ ከሩቅ ምሥራቅ የካራቴና የአክሮባት ቡድን መጣ። በየግድግዳው ሥዕሉ ተለጠፈ፤ ሰው አየር ላይ ተንጋሎ፣ ሌላው ሰው እሱ ላይ ቆሞ። ተቋማችን ለውጭ ተማሪዎች መግቢያ ሰጠን። እኔም ያችን አመድማ ሱፍ ለበስኩ። ያን ያህል መዘዝ ያመጣችብኝ ልብስ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብታ አልነካትም ነበር። ኪሷ ውስጥ የእናቴ ሣር ደርቆ ዱቄት ሆኗል፤ አላራገፍኩትም።

ከዘይነባ ጋር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። መጀመሪያ ሳህን በዘንግ ላይ የሚያሽከረክሩ ሴቶች መጡ። ያ ደህና ነው፣ ቢወድቅም ሳህን ነው። ቀጥሎ አንዲት ልጅ ሰባት ወንበር ደራርባ፣ ጫፉ ላይ በአንድ እጇ ቆመች። ወንበሮቹ ሲነቃነቁ እኔና ዘይነባ እኩል "እኔን!" አልን። በአገራችን ሰው ሲደናቀፍ እኔን ካላልን የገፋነው እኛ እንመስላለን። ልጅቷ ደግሞ ሥራዋ መነቃነቅ ነው። እኔን፣ እኔን፣ እኔን ስንል ከኋላችን ያሉት ዝም በሉ አሉን። ዘይነባ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ "ይቺ ልጅ እናት የላትም?" አለች። ቀጥሎ አንዱ ጡብ በግንባሩ ሰበረ። ግንባር ለዚህ መፈጠሩን አላውቅም ነበር።

ከዚያ ሽማግሌው መጡ።

ጺማቸው ነጭ ነው፣ እስከ ደረታቸው ይወርዳል። ጎበጥ ብለው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው። ሐጂ ኡመር ከመስጊድ ሲወጡ ልክ እንደዚያ ነው የሚራመዱት። ከግራና ከቀኝ ሦስት ጎረምሶች ዱላ ይዘው ወጡና ከበቧቸው። አንዱ ገፋቸው፣ ተንገዳገዱ። ሌላው በዱላ ሊላቸው ሲል ለጥቂት ጎንበስ አሉ። አዳራሹ ሳቀ። አንድ ሺህ ሰው፣ ሽማግሌ ሲደበደብ ተቀምጦ ይስቃል። አሁን ሲገባኝ ሽማግሌው አንድም ዱላ አላገኛቸውም፤ እያመለጡ ጎረምሶቹን እርስ በርስ የሚያጋጩት እሳቸው ነበሩ፣ ቀልዱም እሱ ነበር። እኔ ግን ያኔ የማየው የሮቤን በግ ተራ ነው።

ለመነሳት የወሰንኩት መቼ እንደሆነ አላስታውስም። ዘይነባ እጅጌዬን ይዛ "ታኢ! ተቀመጥ፣ ጨዋታ ነው" ስትለኝ አስታውሳለሁ። እጅጌዬ ከእጇ ሲያመልጥም አስታውሳለሁ። ሣር ፈለግሁ፤ ወለሉ ምንጣፍ ነው። የፊተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ወፍራም እመቤት መጨረሻ ላይ ለአርቲስቶቹ የምትሰጠው አበባ ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። ቅጠሉ ለምለም ነበር። በአማርኛ ይቅርታ ብያታለሁ፤ ይህ ይያዝልኝ።

መድረኩ ከፍ ያለ ነው። በጉልበቴ ተንፏቅቄ ወጣሁ፤ ወለሉ እንዳያንሸራትት ነጭ ዱቄት ነስንሰውበታል፣ ሱሪዬ እስከ ጭኑ ነጭ ሆነ። ግድም አልሰጠኝ። አበባውን በሁለት እጄ ከፍ አድርጌ መሃላቸው ገባሁና ጀርባዬን ለሽማግሌው ሰጥቼ ቆምኩ። "ስለ ፈጣሪ፣ ስለ ሽበታቸው ብላችሁ ተዉ!" አልኩ። በኦሮምኛም ደገምኩት። ከጎረምሶቹ አንዱ አየር ላይ ነበር፤ እግሩ ጆሮዬ አጠገብ ደርሶ ቀጥ አለ። ልብ በሉ፣ ቋንቋዬን የማያውቅ ሰው ቅጠል አይቶ እግሩን መለሰ። ሦስቱም ዱላቸውን አወረዱ።

በዚያች ቅጽበት የተሰማኝን ደስታ በኋላ ዲግሪ ስቀበል እንኳ አላገኘሁትም። አዳራሹ ለካ አበባ ልሰጥ የወጣሁ መስሎት ያጨበጭባል። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ቆመዋል። እኔ ዞርኩ። እንደ አገራችን ወግ ትከሻቸውን አቅፌ ጉንጫቸውን ሳምኳቸው፤ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ፣ ደግሞ በቀኝ። ሦስተኛውን ስጨርስ ጺማቸው ከእኔ ጋር መጣ።

ሙጫው ኮሌታዬ ላይ ያዘ። ጺሙ ከደረቴ ተንጠልጥሎ፣ ከፊቴ ደግሞ ጉንጩ እንደ ሕፃን የለሰለሰ፣ ከሃያ ዓመት የማይበልጥ ልጅ ቆሞ ዓይን ለዓይን ተያየን። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ልጁ ብልህ ነው፤ ነገሩ የታሰበበት ለማስመሰል ብድግ አድርጎ ለአንዱ ጎረምሳ አቀበለኝ፣ ያ ለሌላው፣ ያኛው ወደ ላይ ወረወረኝ። ስወርድ ሁለት ሰው ትከሻ ላይ በቆመ ሦስተኛ ሰው ትከሻ ላይ ነኝ። ከዚያ ላይ ሆኜ ዘይነባን ፈለግኋት፤ ነጠላዋ ሙሉ በሙሉ ፊቷ ላይ ነበር። አበባውን እንደያዝኩ፣ የሰው ጺም ደረቴ ላይ ተለጥፎ፣ ሕዝብ ቆሞ ሲያጨበጭብልኝ እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ለአባባ ምን ብዬ ልጻፍ?

በማግስቱ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ኮሚቴ ሂስና ግለ ሂስ ጠራኝ። ሊቀመንበራችን ፈገግታን ለድል በዓል ያስቀመጠ ሰው ነበር። አብዮቱን በወንድም ሕዝቦች ፊት አዋርደሃል፣ የፊውዳል ቅሪት ታይቶብሃል፣ ትግልን በቅጠል ለማብረድ ሞክረሃል አለ። እሺ አልኩ። ቀጥሎ ወደ አገርህ ትመለሳለህ አለ።

ወደ አገርህ ሲለኝ፣ ምን ልበላችሁ፣ ልቤ ዘለለች። የጎባ መንገድ ታየኝ፣ የገብሱ ማሳ ታየኝ፣ የቡላ ኮቴ ተሰማኝ። ሁለት ዓመት ሌሊት ሌሊት የምለምነውን እንደ ቅጣት ሰጠኝ። ከዚያ አውቶቡስ ተራው ታየኝ። አባባ ልጓሙን ይዘው ቆመዋል፤ እኔ ያለ ዲግሪ፣ ያለ ምርቃት፣ ሙጫ የነካው ሱፍ ለብሼ እወርዳለሁ። ያን ያህል የናፈቀኝን አገር እንዳይሰጡኝ፣ እባካችሁ አትመልሱኝ ብዬ ለመንኩ።

ፍርዱ ሳይጻፍ በር ተንኳኳ። የመጣው የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ዘይነባም ከኋላው። ሰውዬው ኮፍያውን አውልቆ፣ ትናንት የታየው ትርኢት ተመልካቹን እጅግ ስላስደሰተ ያ አበባ ያለው አፍሪካዊ በቀሩት ስድስት ምሽቶችም ይውጣልን አለ። ዘይነባ ተረጎመችው። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገና ይህ ዓለም አቀፋዊ ግዴታህ ነው፣ እንዳታሳፍረን አለኝ። ግለ ሂሱ ምስጋና ሆኖ ተዘጋ።

እንዲህ ነው እንግዲህ ስድስት ቀን በተከታታይ ሽማግሌ የገላገልኩት። ሳህኑ፣ ወንበሩ፣ ጡቡ፣ ከዚያ እኔ። የራሴ አበባ ተሰጠኝ፣ የእመቤቷ ተመለሰላት። በሁለተኛው ቀን እንደ ሥራ ነበር። በአራተኛው ቀን ግን ያ ልጅ ጎበጥ ብሎ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሲገባ፣ ጺሙን ከመልበሱ በፊት አብሬው ሻይ የጠጣሁ ሰው መሆኑን እያወቅሁ፣ እንባዬ መጣ። በየቀኑ እደርሳለሁ። በየቀኑ ዱላው ይወርዳል። ሮቤ ላይ የቀረችውን አንዷን ግን በስድስት አባዝቼም ልሞላት አልቻልኩም።

የከተማዋ ጋዜጣ ፎቶግራፍ አወጣ። ሦስቱ ጎረምሶች ዱላቸውን አውርደው፣ እኔ መሃል ላይ አበባዬን ይዤ፣ ሽማግሌው ከኋላዬ፣ ጺሙም በቦታው። ዘይነባ ቆርጣ ገሰራ ላሉት አባቷ ላከችው፣ ለሮቤው ጋሪ ነጂ ያድርሱልኝ ብላ። እኔም ከፎቶው ጋር ለአባባ ደብዳቤ አኖርኩበት። መጀመሪያ ጺሙን ልዘለው ነበር። ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩ። በመጨረሻ ሁሉንም እንዳለ ጻፍኩት፤ ሽማግሌው ልጅ እንደነበር፣ ጠቡ ጨዋታ እንደነበር፣ እኔ ግን ስነሳ እውነት መስሎኝ እንደነበር።

መልስ እስኪመጣ አራት ወር ፈጀ። የመጣውን ፖስታ ሳየው ሕፃን የጻፈው መሰለኝ። ፊደሎቹ ትላልቅ ናቸው፣ አንዱ ከመስመር በላይ፣ አንዱ ከመስመር በታች። ስከፍተው ደርቆ ቀለሙ የጠፋ ሣር ወደቀ። ደብዳቤውን አሁንም በቃሌ አውቀዋለሁ።

"ልጄ፣ ይህን የምጽፈው ራሴ ነኝ። መሠረተ ትምህርት አስገብተውኝ ፊደል ቆጠርኩ። ፎቶህን የዘይነባ አባት ከገሰራ አመጣልኝ። ሱፍህ እስከ ጭኑ ነጭ ሆኗል፣ ኮሌታው ላይም የሆነ ነገር አለ። ሱፍህ ቆሽሿል። ደስ አለኝ። ጉልበትህን ያጽናው፣ ከጉድጓድ ይሰውርህ፣ በደህና ወጥተህ በደህና ግባ። የጺሙን ነገር ለማንም አልነገርኩም። ሐጂ ፎቶውን አይቶ አልቅሷል፤ ሽማግሌው ተርፏል ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ ተርፏል አልኩት። አንተም ዝም በል።"

ወንበር ላይ ተቀምጬ የፈረሱን ምርቃት አሥር ጊዜ አነበብኩት። ቃል አልቀየሩም። ዘይነባ ከኋላዬ መጥታ አነበበችና ውሃ በብርጭቆ አምጥታ ሣሩን ነከረችው። ሐኪም ልትሆን ነው እንግዲህ፣ የደረቀ ሣር እንደማይለመልም ታውቃለች። ግን ሳምንት ሙሉ ውሃውን ትለውጥለት ነበር።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ቆይቼ ተመለስኩ። አባባ አውቶቡስ ተራ ቆመዋል፣ አንድ እጃቸው ልጓም ላይ፣ አንዱ እርጥብ ሣር ይዟል። ጭቃው ላይ ወደቅሁ፤ ሱሪዬን አላየሁትም። ምርቃቱ ረዘመ። አውቶቡሱ ጥሩምባ ነፋ፣ ሰው አሜን አለ፣ እንደገና አሜን አለ፣ አባባ አልጨረሱም። በኋላ ጋሪው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ከሰው ራቅ ስንል ጠጋ አሉኝና "ሙጫው ግን ምን ዓይነት ነው? በላብ አይለቅም?" አሉኝ። ይህን ለመጠየቅ ሦስት ዓመት ጠብቀዋል።

ከዚያ ጀምሮ በየሠርጉ አወሩት። ጎረምሶቹ ሦስት ነበሩ፣ አምስት ሆኑ፣ ቆይተው ሰባት ደረሱ፤ ሽማግሌውም ዕድሜያቸው ሰማንያ ገባ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ አንገቴን እደፋለሁ፤ ሰዉ ትሕትና ይመስለዋል። ጺሙ ግን በአባባ አፍ አንድም ቀን አልወለቀም።

አባባ ካረፉ ቆዩ። ቡላም የለም፣ ጋሪውም የለም። ጠዋት ስነቃ ግን አሁንም ዓይኔን ሳልገልጥ ትንሽ እጠብቃለሁ፤ ያውም በገዛ አገሬ፣ በዚያው መስኮት ሥር። አገር ገብቶ አገር ይናፍቃል ለካ።

ሐጂ ኡመር አሉ። ዘጠናን አልፈዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ማንበብ ትተዋል። በየዒዱ ልጠይቃቸው ስሄድ እጄን ይዘው መጀመሪያ "አካም ጂርታ?" ብለው ደህንነቴን ይጠይቃሉ። ቀጥሎ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ያ ሽማግሌ ደህና ነው?" ይሉኛል። አንዳንዴ ስለ የትኛው ሽማግሌ እንደሚጠይቁኝ ይጠፋኛል።

እባካችሁ፣ ሮቤ የምትሄዱ ካላችሁ ይህን አታንብቡላቸው። ቢጠይቋችሁ ደህና ነው በሏቸው። እኔም እንደዚያው ነው የምላቸው።